የሞንጎመሪ የአውቶቡስ አድማ በሁለት መጻሕፍት፤ ታሪኩ በክፍል ውስጥ እንዴት ሊቀርብ ይገባል?

1. መግቢያ

ስለ ዘር እኩልነት የተደረጉ የተቃውሞ እንቅስቃሴዎች በትምህርት ቤት ሲነገሩ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰውና በአንድ ቀን ተጠቅልለው ይቀርባሉ። ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ የአላባማ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በሞንጎመሪ በ1955 እና በ1956 የተካሄደው የአውቶቡስ አድማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በተለመደው አነጋገር ታሪኩ በሦስት ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ሥራ ያደከማቸው አንዲት ልብስ ሰፊ ከመቀመጫቸው አልነሣም አሉ፤ አንድ ወጣት ሰባኪ ንግግር አደረጉ፤ ሕጉ ተለወጠ።

ይህ አቀራረብ ፈጽሞ ሐሰት ነው ባይባልም ጎዶሎ ነው። ጉድለቱም የዝርዝር ጉድለት ብቻ አይደለም። ታሪኩን በዚህ መልክ የተማረ ልጅ ፍትሕ ማለት ካልታሰበ ጀግና እጅ በድንገት የምትገኝ ስጦታ ትመስለዋለች፤ ከእርሱ የሚጠበቀውም ያ ጀግና እስኪመጣ መቆየትና ሲመጣ ማጨብጨብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ታሪኩን ከምንጩ መመርመር ለመምህሩም ሆነ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ ተገቢ ሥራ ነው።

ለዚህ ምርመራ ሁለት መጻሕፍት ይረዳሉ። አንደኛው ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1958 ያሳተሙት «እርምጃ ወደ ነጻነት» ነው። ሁለተኛው በዚያው ከተማ የኮሌጅ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ጆ አን ሮቢንሰን የጻፉትና በታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ጋሮው አዘጋጅነት በ1987 የታተመው «የሞንጎመሪ የአውቶቡስ አድማና የጀመሩት ሴቶች» ነው። ሁለቱም ደራሲዎች የነገሩ ተካፋዮች ናቸው። ሆኖም አንደኛው ታሪኩን ከመድረክ፣ ሁለተኛዋ ከማባዣ መኪና አጠገብ ሆነው ያዩታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን እይታዎች መዝኖ ለማስተማር ሥራ የሚበጀውን ማመልከት ነው።

2. የአድማው መነሻ

በጊዜው በሞንጎመሪ አውቶቡሶች ውስጥ የፊተኞቹ 10 መቀመጫዎች ለነጮች ብቻ የተከለሉ ነበሩ። ነጭ ተሳፋሪ ባይኖር እንኳ ጥቁር ሰው ሊቀመጥባቸው አይፈቀድለትም። በመካከለኛው ክፍል የተቀመጡ ጥቁሮች ደግሞ የነጮቹ ቦታ ሲሞላ በሾፌሩ ትእዛዝ መነሣት ነበረባቸው። ጥቁሩ ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ወርዶ በኋላ በር እንዲገባ መታዘዙም የተለመደ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ጥቁሮች መሆናቸው ሲታሰብ ኩባንያው የሚተዳደረው ከሚያዋርዳቸው ሰዎች በሚያገኘው ገንዘብ እንደነበር ግልጽ ይሆናል።

ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ አልቀበልም ብለው ታሰሩ። ዕድሜያቸው 42 ነበር። በ1992 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው እንዳስረዱት ከመነሣት ያገዳቸው የእግር ድካም ሳይሆን ለውርደት መገዛት የሰለቸው ልቡና ነው። ከ1943 ጀምሮም ለጥቁሮች መብት በሚታገለው ብሔራዊ ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። ከመታሰራቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በ1955 ክረምት በቴነሲ ግዛት በሚገኘው የሃይላንደር የጎልማሶች ትምህርት ቤት በዘር ተለያይተው የቆዩ ትምህርት ቤቶችን ስለማቀላቀል በተሰጠ ዐውደ ጥናት ተካፍለው ነበር። እንግዲህ በዚያ ምሽት የተቀመጡት ሴት በአጋጣሚ የተገኙ ተሳፋሪ አልነበሩም፤ የተማሩና በድርጅት ሥራ የተፈተኑ ሰው ነበሩ።

የመጀመሪያዋ እምቢ ባይም እርሳቸው አይደሉም። በዚያው ዓመት ማርች 2 ቀን የ15 ዓመቷ ተማሪ ክሎዴት ኮልቪን በተመሳሳይ ምክንያት ከአውቶቡስ ተጎትታ ታስራለች። በትምህርት ቤቷ በዚያ ሰሞን የጥቁሮች ታሪክ ሲጠና መቆየቱንና ያ ትምህርት በአእምሮዋ እንደነበረ በኋላ ተናግራለች። የጥቁሮቹ መሪዎች ግን ዕድሜዋንና ሌሎች ሁኔታዎችን አመዛዝነው ጉዳይዋን የአድማ መነሻ ከማድረግ ተቆጠቡ።

3. የዶክተር ኪንግ መጽሐፍ

«እርምጃ ወደ ነጻነት» ሲታተም ደራሲው ገና የ29 ዓመት ሰው ነበሩ። የመጽሐፉ ዋና ብርታት የአድማውን የሐሳብ መሠረት ማስረዳቱ ነው። ዶክተር ኪንግ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያነበቧቸውን ፈላስፎችና የማሕተማ ጋንዲን ትምህርት እየጠቀሱ፣ ኃይልን በኃይል አለመመለስ ፍርሃት ሳይሆን ራሱን የቻለ የትግል ስልት መሆኑን ደረጃ በደረጃ ያብራራሉ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1956 ቤታቸው በቦምብ በተመታ ጊዜ የተቆጣውን ሕዝብ አረጋግተው ወደየቤቱ የመለሱበት ሁኔታ የተተረከበት ክፍል፣ ሐሳቡ ከመጽሐፍ ወጥቶ በሥራ የተፈተነበትን ሰዓት ያሳያል። ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ የውይይት መነሻ በቀላሉ አይገኝም።

ዶክተር ኪንግ ሥራውን ሁሉ ለራሳቸው የሚያደርጉ ደራሲም አይደሉም። በባቡር አስተናጋጅነት ሲሠሩ የኖሩትን የሠራተኛ ማኅበር መሪ አቶ ኢ. ዲ. ኒክሰንን፣ ጠበቃውን ፍሬድ ግሬይን፣ እንዲሁም ወይዘሮ ሮቢንሰንን በስም እየጠሩ ያመሰግናሉ። በ1955 ለጋዜጣ በጻፉት ደብዳቤ አድማውን ከጋንዲ የጨው ጉዞ ጋር ያነጻጸሩትን ነጭ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጁልየት ሞርጋንንም አይዘነጉም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ በአንድ ሰው ኅሊና ዙሪያ የተዋቀረ በመሆኑ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ የሚለው ጥያቄ ከበስተኋላ ይቀራል። አንባቢው ዲሴምበር 5 ቀን አውቶቡሶቹ ባዶ ሲሄዱ ይመለከታል፤ ነገር ግን ከ4 ቀን በፊት ያልታወቀ አንድ ውሳኔ በሐሙስና በሰኞ መካከል ለዚያን ያህል ሕዝብ እንዴት ሊደርስ እንደቻለ በሚገባ አይረዳም። ለዚህ ዝምታ አንድ ምክንያት ሊገመት ይችላል። በ1958 የኮሌጁ መምህራን ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከዚያው የዘር መድልዎን ከሚያስፈጽመው መንግሥት ነበር። ሥራቸውን በዝርዝር መጻፍ እንጀራቸውን ለአደጋ ማጋለጥ ይሆን ነበር። እንዲህ ከሆነ ጉድለቱ የደራሲው ሳይሆን የዘመኑ ነው። ነገር ግን ዘመኑ ካለፈ በኋላ የመማሪያ መጻሕፍት ያንኑ ጉድለት ይዘው መቀጠላቸው ይቅር የሚባል አይደለም።

4. የወይዘሮ ሮቢንሰን መጽሐፍ

ወይዘሮ ሮቢንሰን ወደ ሞንጎመሪ የመጡት በ1949 በአላባማ ስቴት ኮሌጅ እንግሊዝኛ ለማስተማር ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሞላ ጎደል ባዶ በነበረ አውቶቡስ ውስጥ ሳያውቁ በተከለከለ ቦታ በመቀመጣቸው ሾፌሩ ሊመታቸው እስኪቃጣ ድረስ አምባረቀባቸው፤ እያለቀሱም ወረዱ። ከዚያ በኋላ በኮሌጁ የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊ በወይዘሮ ሜሪ ፌር በርክስ በ1946 የተመሠረተውን የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት መምራት ያዙ። ከአባላቱም ብዙዎቹ መምህራን ነበሩ።

የመጽሐፉ ትልቁ ጥቅም ከአድማው በፊት የነበሩትን ዓመታት ማሳየቱ ነው። ሴቶቹ ከከተማው ሹማምንት ጋር በተደጋጋሚ ተነጋግረዋል፤ አቤቱታዎችን ሰብስበዋል። ሜይ 21 ቀን 1954 ወይዘሮ ሮቢንሰን ለከንቲባው በጻፉት ደብዳቤ አያያዙ ካልተሻሻለ ሕዝቡ በአውቶቡስ መሳፈር ሊያቆም እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ይህ ወይዘሮ ፓርክስ ከመታሰራቸው ከዓመት ተኩል በፊት መሆኑን ልብ ይሏል። እንግዲህ አድማው በአንድ ምሽት ቁጣ የተወለደ ሳይሆን ዕቅዱ ተነድፎ ሰዓቱን ይጠብቅ የነበረ ሥራ ነው።

የመጽሐፉ እምብርት ግን የዲሴምበር 1 ሌሊት ነው። ወይዘሮ ሮቢንሰን የእስራቱን ወሬ እንደሰሙ አጭር ጥሪ አረቀቁ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ከአንድ የሥራ ባልደረባቸውና ከሁለት ተማሪዎቻቸው ጋር ወደ ኮሌጁ ሄደው ጥሪውን በማባዣ መኪና ማተም ጀመሩ። በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ እየተጻፈ ወረቀቱ በኋላ ተቆረጠ። ሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በራሪ ወረቀቶች ታስረው ተዘጋጁ። እስኪነጋ ድረስ የማደያው መንገድ ተነደፈ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መምህርቷ ክፍል ገብተው አስተማሩ። ከዚያ በኋላ እስሮቹ ለየትምህርት ቤቱ፣ ለየሱቁና ለየፀጉር ማስተካከያው ተዳረሱ፤ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ይዘዋቸው ሄዱ። አንዲት ቅጂ በአንዲት የቤት ሠራተኛ በኩል ወደ ነጭ አሠሪዋ፣ ከዚያም ወደ ጋዜጣ ደረሰች። ጋዜጣውም ወሬውን ለማጋለጥ ሲያትመው ሳያስበው ጥሪውን አሠራጨ።

ስቴንስል ቆርጦ ፈተና ያባዛ መምህር ሁሉ ይህ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። በዚያ ሌሊት የታየው ችሎታ የመምህርነት ችሎታ ነው፤ ግልጽና አጭር አድርጎ መጻፍ፣ በሰዓት ማድረስ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሥራ ድርሻውን መደልደል፣ በማግስቱም እንደ ወትሮው ከሥራ ላይ መገኘት። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ነገሩን ደርሰውበት በጠየቋቸው ጊዜም ወይዘሮ ሮቢንሰን እውነቱን ተናግረው የወረቀቱን ወጪ ማኅበራቸው እንዲሸፍን አድርገዋል።

መጽሐፉ እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። አንድ ነገር ደጋግሞ ያነሣል። ሕዝቡ ምን ያስብ እንደነበር ደራሲዋ ከእያንዳንዱ ሰው አፍ የሰሙ ያህል በእርግጠኝነት የሚናገሩባቸው ቦታዎችም አሉ። ከሁሉ የሚከብደው፣ በእግራቸው የሄዱት ምግብ አብሳዮች፣ አጣቢዎችና ሞግዚቶች በአብዛኛው እንደ አንድ ሕዝብ እንጂ ስምና ፊት እንዳላቸው ሰዎች ሆነው አለመታየታቸው ነው። መድረኩ መምህራኑን እንደ ጋረደ ሁሉ፣ የመምህራኑ ጠረጴዛ ደግሞ ወጥ ቤቱን ይጋርዳል።

5. በሁለቱም ዘንድ በቂ ቦታ ያላገኙ ጉዳዮች

በዚህ ምክንያት ሁለቱን መጻሕፍት ያነበበ መምህር ቢያንስ በሦስት ጉዳዮች ላይ ተጨማሪ ማብራሪያ መስጠት ይኖርበታል።

አንደኛ፣ አድማው 381 ቀን የቆየው በስሜት ኃይል አልነበረም። ከ300 ያህል የግል መኪናዎች ጋር ሰዎችን የማመላለስ ሥራ ተደራጅቶ ነበር፤ ለዚህም ነዳጅ፣ ጎማና የጥገና ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ወይዘሮ ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉ ምግብ አብሳይ ሴቶችን አስተባብረው ኬክና የተጠበሰ ዶሮ እያዘጋጁ በመሸጥ ገንዘቡን ለአድማው ያስገቡ ነበር። የቡድኑ ስም «ከየትም ያልመጣ ክበብ» ነበር፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ «ከየትም» ለማለት እንዲያመች፣ የሰጪዎቹም ማንነት እንዳይታወቅ ታስቦ ነው። ወይዘሮዋ በዶክተር ኪንግ የፍርድ ሂደት ላይ በመመስከራቸው ከሥራ ተባርረዋል።

ሁለተኛ፣ የአውቶቡሱን ሕግ ያፈረሰው የወይዘሮ ፓርክስ ክስ አይደለም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1956 በጠበቃ ግሬይ አማካይነት በፌዴራል ፍርድ ቤት የተመሠረተው ክስ ከሳሾች ሌሎች ሴቶች ነበሩ፤ አውሪሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝና ያቺው ተማሪ ክሎዴት ኮልቪን። ፍርድ ቤቱ በጁን 1956 ፈረደላቸው፤ ኖቬምበር 13 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው። በዚያኑ ዕለት የከተማው አስተዳደር የመኪና ማመላለሱን ሥራ ለማሳገድ በሌላ ፍርድ ቤት ተሟጋች ሆኖ ቀርቦ ነበር። የእግሩ ትግልና የፍርድ ቤቱ ትግል አንዱ ያለ ሌላው እንዳልቆመ ከዚህ ይታያል። የኮልቪን የወጣት ጥፋተኞች መዝገብ የተሰረዘው ግን በ2021፣ ከተያዘች ከ66 ዓመት በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ ከአድማው ጀርባ የጎልማሶች ትምህርት አለ። ወይዘሮ ፓርክስ በሃይላንደር የተካፈሉበትን ዐውደ ጥናት የመሩት የደቡብ ካሮላይና መምህርት ወይዘሮ ሴፕቲማ ክላርክ ናቸው። 40 ዓመት ያህል ካስተማሩ በኋላ ከመብት ማኅበሩ አባልነት አልወጣም በማለታቸው በ1956 ከሥራ ተሰናበቱ። በጃንዋሪ 1957 ግን በጆንስ ደሴት የመጀመሪያው የዜግነት ትምህርት ቤት ሲከፈት ከዋናዎቹ አስተባባሪዎች አንዷ ነበሩ። ትምህርቱ በ14 ሰዎች ተጀመረ። ለማስተማርም የተመረጡት በሙያቸው የፀጉር ሠራተኛ የነበሩት ወይዘሮ በርኒስ ሮቢንሰን ናቸው፤ ምክንያቱም ጎልማሶቹን ቁልቁል የማይመለከት ሰው ተፈልጎ ነው። መምህርቷ በመጀመሪያው ዕለት ያደረጉት ተማሪዎቹ ምን መማር እንደሚፈልጉ መጠየቅ ነበር። መልሱም ስም መፈረም፣ ደብዳቤ ማንበብ፣ የዕቃ ማዘዣ ቅጽ መሙላትና ለመራጭነት ለመመዝገብ የሚጠየቀውን የሕገ መንግሥት ክፍል ማንበብ ሆነ። የትምህርቱ ይዘት ከዚህ መልስ ተነሥቶ ተዘጋጀ። ለሥርዓተ ትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ ገጠመኝ ማግኘት ያዳግታል።

6. አድማው በኅብረተሰቡ ላይ ያስከተለው ለውጥ

የአንድ የተቃውሞ እንቅስቃሴ ውጤት ሲመዘን የተገኘውንም የተከፈለውንም ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባል። ዲሴምበር 21 ቀን 1956 የሞንጎመሪ ጥቁሮች በፈለጉት መቀመጫ ተሳፈሩ። ሲጀመር የጠየቁት የመለያየቱ ሕግ እንዲሻር እንኳ አልነበረም፤ ትሕትና ያለው መስተንግዶ፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ እንዲቀመጥና ጥቁር ሾፌሮች እንዲቀጠሩ ብቻ ነበር። እምቢታው ነው ጥያቄውን ያሰፋው። ከዚያ የተገኘው ልምድ በ1960 ተማሪዎች በምግብ ቤቶች ላደረጉት የመቀመጥ ተቃውሞ፣ በመጨረሻም ለ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግና ለ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆኗል።

በሌላ በኩል ከአውቶቡሱ ድል በኋላ ወዲያው በጃንዋሪ 1957 አብያተ ክርስቲያናት በቦምብ ተመቱ። ከተማው መናፈሻዎቹን ለጥቁርና ለነጭ በጋራ ከመክፈት ይልቅ በ1959 መጀመሪያ ሁሉንም ዘጋ፤ የተከፈቱት በ1965 ነው። ጥቁር ልጆች ከነጮች ጋር በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት መማር የጀመሩት በ1964 ነበር። ወይዘሮ ፓርክስ ሥራቸውን አጥተው በ1957 ወደ ዲትሮይት ተሰደዱ። ወይዘሮ ሮቢንሰንና ወይዘሮ በርክስ በመምህራኑ ላይ በተካሄደው ምርመራ ምክንያት በ1960 ኮሌጁን ለቀቁ። ወይዘሮ ክላርክ ያለ አግባብ የተነጠቁት ጡረታ የተመለሰላቸው ከ20 ዓመት በኋላ በ1976 ነው። በ2013ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከዚያው ከአላባማ የሸልቢ አውራጃ ባቀረበው ክስ የ1965ቱን የምርጫ ሕግ ዋና የመቆጣጠሪያ ክፍል ከሥራ ውጭ አድርጎታል።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት ትግሉ ከንቱ ነበር የሚል አይደለም። ሕግ ከልማድ ቀድሞ ሊለወጥ እንደሚችል፣ የተለወጠ ሕግም ጠባቂ ካላገኘ ሊሸረሸር እንደሚችል ነው።

7. ማጠቃለያና አስተያየት

ሁለቱ መጻሕፍት የሚመዘኑት አንዱን ጥሎ ሌላውን ለማንሣት አይደለም። የዶክተር ኪንግ መጽሐፍ ሰዎቹ ለምን እንደ ታገሡና በቀልን ለምን እንደ ተዉ ያስተምራል፤ የወይዘሮ ሮቢንሰን መጽሐፍ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ ያሳያል። የመጀመሪያው ብቻውን ከተሰጠ ተማሪው ማድነቅን ይማራል። ሁለተኛው ብቻውን ከተሰጠ ደግሞ ዘዴን ያውቃል፣ ዘዴው የቆመለትን ዓላማ ግን በሙሉ አይረዳም። ስለዚህ በአንድ ትምህርት ውስጥ ጎን ለጎን ሊቀርቡ ይገባል።

በተግባር ሲታይ ለዚህ ሰፊ ዝግጅት አያስፈልግም። መምህሩ የዲሴምበር 1ን እና የዲሴምበር 5ን ቀናት በሰሌዳ ላይ ጽፎ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ተማሪዎቹ እንዲሞሉ ሊጠይቅ ይችላል። ማን ጻፈው? በምን ተባዛ? ማን አደለው? 8 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትሠራ አብሳይ በማግስቱ እንዴት ሄደች? የነዳጁን ገንዘብ ማን አዋጣ? ስሙ ያልተጠራው ማን ነው፣ ለምንስ አልተጠራም? እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰ ተማሪ የአንድ ከተማን ታሪክ ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰብ የሚለወጥበትን መንገድ ያጠናል። ፈተና አዘጋጆችም «አድማውን የመራው ማን ነው?» ከማለት ይልቅ «አድማው 381 ቀን ሊቆይ የቻለው በምን በምን ምክንያት ነው?» ብለው ቢጠይቁ የክፍሉ አስተማመር ከጥያቄው ጋር አብሮ ይለወጣል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል የኖረ ነው። በትምህርት ቤት ግን ልጆች የሚያዩት የታሰረውን አንበሳ ብቻ ነው፤ ድሩን ማን እንደ ፈተለው፣ በስንት ሌሊት እንደ ፈተለው አይነገራቸውም። ይህን መንገር የመምህሩ ሥራ ነው። በሞንጎመሪ ከፈታዮቹ መካከል ብዙዎቹ መምህራን ነበሩና።